አታንሱት!

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ የምገሥጻችሁ ስለ ደግነታችሁ ነው። ስለ ክፋታችሁ የሚናገር ሞልቷል። እኔን የሚያስፈራኝ፣ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ስታዩ ከየአቅጣጫው የምትሮጡት ሩጫ ነው። «ያዝ! አንሳ! በዚያ በኩል ዙር!» ይባላል። ሁለት ሰው በእጁ፣ ሁለት ሰው በእግሩ ይይዘዋል፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ እየተንጠለጠለ እንደ ጤፍ ጆንያ ላዳ ውስጥ ይገፋል። ከዚያ ሁሉም እጁን አራግፎ፣ «እግዚአብሔር ይማረው» ብሎ ይበተናል። ማታም የጽድቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ልቡ ረክቶ ይተኛል።

ይህን ከዳር ቆሜ አልናገርም። ከሚሮጡት አንዱ ነኝ፤ ያውም ውሃ ይዞ የሚሮጠው።

ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ወጥቼ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ በእግሬ ተያይዤዋለሁ። የትግላችን ሐውልት አካባቢ ስደርስ አንድ ዕቃ አድራሽ ወጣት ከነሞተር ብስክሌቱ ከሚኒባስ ጋር ተላተመ። የቆርቆሮ በር በኃይል ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ። ወጣቱ አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ሄልሜቱ ከራሱ አልወለቀም፤ ቀኝ ታፋው ግን ከጉልበቱ በላይ ተተርትሮ ደሙ ይፈልቃል። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕንፃ ከቆምንበት ወለል ብሎ ይታያል። ሰውን ይበልጥ ያሳበደው ይኸው መታየቱ ይመስለኛል። «ሆስፒታሉ እዚህ አይደል እንዴ! አንሱት እንጂ!»

አንዱ ሄልሜቱን ከራሱ ሊያወልቅ ይታገላል። አንዱ በብብቱ ገብቶ ሊያቆመው ይሞክራል። አንዱ የላዳ በር ከፍቶ ይጣራል፤ የላዳው ባለቤት ደግሞ ስለ ወንበሩ ጨርቅ ይከራከራል። ሰባት ስምንት ስልክ ወደ ላይ ተነሥቶ ይቀርጻል። እኔ ወደ ሱቅ ሮጬ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ገዛሁና ፊቱ ላይ አፈሰስኩበት፤ ቀሪውን በሄልሜቱ ክፍተት ወደ ከንፈሩ አስጠጋሁለት። ጎነጨው። በራሴ ኮራሁ።

ያን ጊዜ ነው ከእግረኛው መንገድ ዳር ሳጥኑን ጥሎ አንድ ሊስትሮ የመጣው። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ከአንዲት እናት ትከሻ ላይ ነጠላ ተቀበለ፤ አላስፈቀደም፣ እሳቸውም አልተቃወሙም። አጣጥፎ ቁስሉ ላይ አኖረው። ተንበርክኮ ሁለት እጁን አነባበረና የሰውነቱን ክብደት ሁሉ ጣለበት። እጁ እስከ አንጓው የጫማ ቀለም ነው። «አታንሱት!» ብሎ ጮኸ። የሰማው የለም። «አታንሱት አልኩ!» አለ ደግሞ፣ በዚያ ዕድሜ ለትልቅ ሰው በማይወጣ ድምፅ። ብብቱ ውስጥ የገባው ሰውዬ ለቀቀው። ልጁ ቀና ብሎ እኔን አየኝና «ጋሼ፣ ውሃውን ይተዉትና ጭንቅላቱን ይያዙልኝ፤ እንዳይዞር» አለኝ።

ያዝኩ። ሄልሜቱ በመዳፎቼ መካከል ይንቀጠቀጥ ነበር። የነጠላው አረንጓዴ ጥለት ቀስ በቀስ ሲጠቁር ዓይኔን ማንሣት አልቻልኩም። አንዱ «ገለጥ አድርገህ እስኪ ቆሞ እንደሆነ እየው» አለው። ልጁ አልገለጠም። ሌላ ጨርቅ አስመጣና በላዩ ደረበበት።

አምቡላንሱ ሲመጣ ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ደሙ አልነበረም። «የሚጠጣ ነገር ሰጥታችሁታል?» አለች። መልስ የሰጠ የለም። ሁሉም የሚያየው ከአጠገቤ የተቀመጠችውን ግማሽ ጠርሙስ ነበር።

ወገኖቼ፣ እኔ በሃምሳ ዓመቴ የተማርኩትን እናንተ ከዚያ በፊት ተማሩት። ክፉኛ የተጎዳ ሰው ውሃ አይሰጠውም። ራሱን የሳተ ወይም ሊስት የተቃረበ ሰው የሚውጠው ነገር ወደ ሳንባው ይገባል። ነቅቶ ቢጠጣ እንኳ በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ሊገባ ይችላል፤ በማደንዘዣ ሥር ሲያስመልሰው የጠጣው ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ይገኛል። ፊቱ ላይ ያፈሰስኩትም ጥፋት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በክረምት አስፋልቷ በረዶ ነው። ደም ያፈሰሰ ሰው ሰውነት ሲቀዘቅዝ የደሙ የመርጋት ኃይል ይደክማል፤ ስለዚህ ደሙ አይቆምም። ለዚያ ወጣት የሚያስፈልገው የእኔ ጃኬት ነበር፤ ጃኬቴን ለብሼ ውሃ አፈሰስኩበት። ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይህ አይደለምን?

የአዋቂ ሰው ደም ሲለካ አምስት ሊትር ገደማ ነው። በዚያች ሃይላንድ ልክ፣ ሁለት ሊትር ደም የፈሰሰው ሰው የሞት አፋፍ ላይ ቆሟል። የታፋው ትልቅ የደም ቧንቧ ከተቆረጠ ጠርሙሷን ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በየትኛው አገር አምቡላንስ ነው በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የሚደርሰው? እነዚያ ደቂቃዎች የሐኪም አይደሉም። የሊስትሮው፣ የሎተሪ አዟሪው፣ የባለ ሱቁ፣ የመንገደኛው ናቸው። የሚጠይቁትም ጨርቅና ክብደት ብቻ ነው። በሁለት እጅ ተጫን፤ ገልጠህ አትይ፤ ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርብበት። ደሙ ከእጅ ወይም ከእግር ከሆነና በመጫን አልቆም ካለ፣ ከቁስሉ በላይ አራት ጣት ያህል ራቅ ብለህ በሰፊ ጨርቅ እሰር፤ መቀነት ጥሩ ነው፣ ሽቦና የጫማ ክር ግን ሥጋ ይቆርጣል። መገጣጠሚያ ላይ አትሰር። በእንጨት አዙረህ ደሙ እስኪቆም አጥብቅ፤ ያሰርክበትን ሰዓት ያዝና ለሚረከብህ ባለሙያ ንገር። አትፍታው። ብረት ወይም መስታወት ተሰክቶበት ካየህ አትንቀለው፤ ቀዳዳውን የደፈነው እሱ ነው።

ስለ ማንሣቱ ደግሞ ልመለስ፤ ንዴቴ እዚያ ላይ ነውና። በአንገታችን ውስጥ ሰባት አጥንቶች አሉ፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ከትንሽ ጣት አይወፍርም። ሰው ሲገጭ ወይም ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ሲወድቅ አጥንቱ ሊሰበር፣ ሕብለ ሰረሰሩ ግን ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ያ ሰው ያን ጊዜ እግሩን ማንቀሳቀስ ይችላል። አራት ደጋግ ሰዎች መጥተው በእጅና በእግሩ ሲያንጠለጥሉት የተሰበረው አጥንት ይንሸራተትና የተረፈውን ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን በተሽከርካሪ ወንበር ይኖራል፤ ሁላችንም «ያ መኪና እንዲህ አደረገው» እንላለን። መኪናው ነው ወይስ እኛ ነን? የሞተረኛን ሄልሜት መጎተትም ያው ነው። እሳት፣ ጭስ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ፣ ወይም መኪኖቹን ማስቆም ካልተቻለ በቀር የወደቀ ሰው ከወደቀበት አይነሣም። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነና ካስመለሰው ግን ጭንቅላቱን ከትከሻው ጋር እኩል እያዞራችሁ፣ እንደ አንድ ግንድ በጎኑ አድርጉት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ሽንኩርት መፍለጥ፣ ይህን ሁሉ ተዉት። ክብሪት ጫሪው ከየት እንደሚመጣ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የማያጨስ ሰው እንኳ በዚያች ሰዓት ክብሪት አያጣም።

በስልክ የምትቀርጹትን በአጭሩ ልለፋችሁ። አባቶቻችን መርዶ የሚያረዱት ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጅ በቀስታ ተንኳኩቶ ነበር። እናንተ እናት የልጇን ደም ቡና እያፈላች በስልኳ እንድታይ አደረጋችሁ። በያዛችሁት ስልክ 907 ሦስት ቁጥር ነው።

907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ ነው። 939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። 8035 የጠብታ አምቡላንስ ነው፤ ይህን ድርጅት የመሠረተው ክብረት አበበ በጥቁር አንበሳ የማደንዘዣ ባለሙያ የነበረ፣ የገዛ ቤቱን ሸጦ አምቡላንስ የገዛ ሰው ነው። ስንቶቻችን እነዚህን ቁጥሮች በቃላችን እናውቃለን? የፒዛ ቤቱን ቁጥር እናውቃለን። የባሰው ደግሞ ለቀልድ ደውሎ የሚዘጋው ነው፤ ያንን ሰው ምን ብዬ እንደምገሥጸው ቃል አላገኘሁም።

ደውላችሁም ቦታ መናገር አታውቁም። ይህ የእናንተ ጥፋት ብቻ አይደለም። እኛ የመሐል ከተማ ሰዎች ቦታ የምንናገረው በፈረሰ ነገር ነው። «ዶሮ ማነቂያ መግቢያው ላይ» ይላል አንዱ፤ ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ስልኩን የምታነሣው ልጅ የድሮውን ፒያሳ አላየችውም ይሆናል። ዛሬ የቆመ ነገር ጥሩላት፦ ከማዘጋጃ ቤቱ በታች፣ ከስታዲየሙ በር ፊት ለፊት፣ ወደ ለገሃር በሚወርደው በኩል። ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ የሚተነፍስ መሆኑን ጨምሩ። ስልኩን እሷ ሳትዘጋ አትዝጉ፤ አንድ ሰው ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ እጁን ያውለብልብ።

አሽከርካሪዎች፣ እናንተን አልረሳኋችሁም። የዚያን ቀን የአምቡላንሱ ጩኸት ከታች ከለገሃር በኩል ለረጅም ጊዜ ተሰማን፤ ድምፁ ግን አይቀርብም ነበር። መኪኖች ግራና ቀኝ ተፋጠው ቆመዋል፤ አንዱ ፈቀቅ ቢል ሌላው ይገባበታል ብሎ ይሰጋል። በመጨረሻ መንገድ ሲከፈትለት አንድ ነጭ የቤት መኪና ከኋላው ተለጥፎ አብሮ ገሰገሰ። አምቡላንስ ተከትሎ ከመጨናነቅ ማምለጥ ጉብዝና የሆነበት ከተማ ውስጥ ነን። ያ ሰው አንድ ቀን በአምቡላንሱ ውስጥ የተኛው የራሱ ልጅ ይሆን ይሆናል ብሎ አስቦ አያውቅም ማለት ነው።

«ብነካው እኔ ገጨሁት እባላለሁ፤ ምስክር ሁን ብለው ያንከራትቱኛል» የምትሉ አላችሁ። ፍርሃቱ ከመሬት የበቀለ አይደለም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ሕጉን ገልብጣችሁ ነው የያዛችሁት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 የሚቀጣው፣ በራሱም በሌላም ላይ አደጋ ሳይደርስ መርዳት እየቻለ ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆነ ብሎ ሳይረዳ ጥሎ የሚሄደውን ነው። ራሱ ጎድቶ ጥሎ የሄደ ደግሞ የባሰ ይጠብቀዋል። ስለ ገንዘቡም ብትሰጉ፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ ቁጥር 799 የተሽከርካሪ አደጋ የደረሰበት ሁሉ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል፤ አዋጁ ሲወጣ መጠኑ እስከ 2,000 ብር ነበር። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ የመድን ፈንድ አለ። ስለዚህ «ቅድሚያ ክፈሉ» የሚል ካጋጠማችሁ፣ እኔንም አንድ የግል ክሊኒክ በር ላይ አጋጥሞኛል፣ አዋጁን ጠርታችሁ ቁሙ። የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የከባድ አደጋ ሕክምና የሚሰጠው የከተማችን ሆስፒታል ስሙ «አቤት» ነው። ሲጠሩት አቤት የሚል ስም ለሆስፒታል ያወጣው ሰው ተባርኳል። ግን አቤት የሚለው የሚጣራ ሲኖር ነው።

ከሳምንታት በኋላ ሊስትሮውን ፈልጌ ሄድኩ። እዚያው ግንብ ሥር ነው። ጫማዬን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩ። አወቀኝ፤ ስለ ውሃው ግን ምንም አላለም። ከየት እንደተማረው ጠየቅኩት። አገር ቤት ተማሪ ሳለ የትምህርት ቤቱ ቀይ መስቀል ክበብ ውስጥ እንደነበረ፣ አንድ ቅዳሜ ሰዎች መጥተው በጆንያና በቀይ ቀለም እንዳሳዩአቸው ነገረኝ። አንድ ቅዳሜ!

«ልጁ ተርፎ ይሆን?» አልኩት።

«አላውቅም ጋሼ» አለኝ። ከዚያ በብሩሹ ጀርባ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ፤ እግር ይቀይሩ ማለቱ ነው።