90 ዲግሪ ያለው ሰው ያውሰኝ

አሁን ነው ቤት የገባሁት። ሰጋቱራውን ከፀጉሬ ላይ እንኳ አላራገፍኩም። ሳልጽፈው ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያ የእንጨት ሥራ ኮምባይንድ ማሽን። አዎ፣ ያው እሱ። ስድስት ሰው ከአይሱዙ ላይ ሲያወርደው ፎቶ አንስቼ ለጥፌ «እንኳን ደስ አለህ» ያላችሁኝ። ደስታው ይቅርብኝ። ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ ውፍረት ያስተካክላል፣ ጠርዝ ይቀርጻል፣ ይበሳል። አምስት ማሽን ባንድ ላይ ብለው ሸጡልኝ። አምስት ራስ ምታት ባንድ ላይ መሆኑን ማን ነገረኝ? የጣውላ ውፍረት ልታስተካክል የመላጊያውን ጠረጴዛ ታነሳለህ። ስትመልሰው የነበረበት ቦታ አይቀመጥም። ከቢላው ጫፍ ፀጉር ታህል ዝቅ ካለ የጣውላው መጨረሻ ይነከሳል። ከፍ ካለ ጣውላው ተጋጭቶ ይቆማል። በቃ ኑሮህ ወረቀት እያጠፉ ከስር መወተፍ ይሆናል።

እሱንስ ለምጄዋለሁ። የሰሞኑ ጉድ የመቁረጫው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የቁም ሳጥን በር ጥጉ አልገጥም አለኝ። ጣውላ የምናስጠጋበትን ብረት ፈታሁ፣ አጠበቅኩ፣ ፈታሁ። ብሎኑን ስታጠብቀው ትንሽ ይሸሻል። እንደሚሸሽ አስበህ ቀድመህ ስታካክስለት፣ ያን ጊዜ ደግሞ አይሸሽም! እስኳድራዬን፣ ማለትም የ90 ዲግሪ ጥግ መለኪያዬን፣ አስጠጋሁ። ልክ። ቆረጥኩ። ጠማማ። መብራት ሄደ። መጣ። አሁንም ጠማማ። አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ በሙከራ ጨረስኩ። ዋጋውን እንዳትጠይቁኝ።

በመጨረሻ ሰው ጠራሁ። ዕድሜያቸውን ማሽን ሲያስተካክሉ የኖሩ አባት ናቸው። ማሽኑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

«እስኳድራህን አምጣ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ኮምፔርሳቶ ጠርዝ ላይ አስደግፈው አንድ መስመር አሰመሩ። እስኳድራውን ገለበጡና ከዚያው ነጥብ ሁለተኛ አሰመሩ። ልክ ቢሆን ሁለቱ መስመር አንድ ላይ ያርፍ ነበር። እንደ አዞ አፍ ተከፈተ።

«በዚህ ነው ሦስት ቀን የለካኸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንጨት ስንት ዓመት ሠራህ?»

«አሥራ አንድ።»

ዝም አሉ። የገደለኝ ዝምታቸው ነው። ተለማማጄ ሳቁን ሊደብቅ መጥረጊያ አንስቶ መጥረግ ጀመረ። ሳይታዘዝ ጠርጎ አያውቅም! ይሄው ልጅ ነው ባለፈው የሻይ ብርጭቆውን የማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አሳድሮ ክብ ዝገት ያወረሰኝ። አሁንም አለ፣ እንደ ማኅተም።

«ልጄ፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም። ደህናውን ማሽን ስታጣምመው ነው የሰነበትከው። ልክ የሆነ እስኳድራ ስታገኝ ደውልልኝ» ብለው ሂሳባቸውን ተቀበሉ። ሙሉ ሂሳብ። አንድ ብሎን ሳይነኩ።

በንዴት ከአብነት መርካቶ በእግሬ ወጣሁ። እስኳድራውን ወደ ገዛሁበት ሱቅ። ባለሱቁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ እስኳድራ እኮ እስኳድራ ነው። ሌላው ሰው ምንም አላለም።» ሌላው ሰው ምን እየሠራበት ነው? ስንት በር ነው በዚህ ሰውዬ እስኳድራ የተሰቀለው? መደርደሪያው ላይ ያሉትን አውርጄ ጀርባ ለጀርባ ገጠምኳቸው። እርስ በርሳቸው እንኳ አይስማሙም። በዚህ ከተማ ዲግሪ ያለው ሞልቷል፣ ዘጠናው ነው የጠፋው።

ደንበኛዬ ደግሞ ይደውላል። ከስልኩ ላይ የፈረንጅ ኩሽና ፎቶ አሳይቶ «ሁለት ቀን ይበቃሃል አይደል?» ያለው ሰውዬ። ዛሬ አራት ጊዜ ደውሏል። አላነሳሁም። ምን ልበለው? አሥራ አንድ ዓመት በጠማማ ስለካ ነበር ልበለው? ያለፉት ሥራዎቼ ትዝ ሲሉኝማ… ተዉት።

እስቲ ልክነቱን ገልብጦ ያረጋገጠው እስኳድራ ያለው ሰው ለነገ ያውሰኝ። ማታውኑ እመልሳለሁ። ፒንሳዬን ወስዳችሁ የቀራችሁ ግን እንዳልረሳኋችሁ እወቁት።