ከዋሽንግተን መጋዘን እስከ ላፍቶ አትክልት ተራ

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚኖረው ወገናችን «ፉድ ባንክ» ሲባል ብዙ ጊዜ በዓይኑ የሚመጣበት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ጥቂት መደርደሪያና ቅዳሜ ጠዋት የተሰለፈ ሰው ነው። ያ ለችግረኛ ምግብ የሚታደልበት ቦታ ፓንትሪ ይባላል። ፉድ ባንኩ ከፓንትሪው ጀርባ ያለው ትልቅ መጋዘን ነው፤ ተረጂ አይሰለፍበትም፣ ከባድ መኪኖች ጀርባቸውን ሰጥተው ያራግፉበታል፣ ይጭኑበታል። የሁለቱ ልዩነት የጅምላ አከፋፋይና የሰፈር ሱቅ ልዩነት ነው። ይህን ያልለየ ሰው መስጠት ሲፈልግም መቀበል ሲፈልግም በሩ ይጠፋበታል።

አካባቢውን የሚያገለግለው ካፒታል ኤርያ ፉድ ባንክ የተመሠረተው በ1980 ነው (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ዲሲን፣ በሜሪላንድ የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎችን፣ እንዲሁም ሰሜን ቨርጂኒያን ይሸፍናል። ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ በዚህ ውስጥ ናቸው። በዲሲ ሰሜን ምሥራቅ በ2012 የተከፈተው ዋናው መጋዘን 123,000 ስኩዌር ፊት፣ በእኛ ልክ ወደ 11,400 ካሬ ሜትር ይሰፋል። ከዚያ እየጫኑ ለሕዝብ የሚያድሉት አጋሮች 400 ገደማ ናቸው። ተቋሙ በየዓመቱ በሚያወጣው የረሃብ ሪፖርት መሠረት በ2023 ከአካባቢው ነዋሪ 32 በመቶው፣ በ2024 ደግሞ 37 በመቶው በቂ ምግብ ለማግኘት ተቸግሯል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ደመወዙ ገብቶ የቤት ኪራይ፣ የመኪና ኢንሹራንስና የልጅ መዋያ ከተከፈለበት በኋላ ምን ይቀራል የሚለውን እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ኪራይ አይቀነስም፤ የሚቀነሰው አስቤዛ ነው።

ወደ መጋዘኑ ምግብ የሚገባው በአራት መንገድ ነው፦ ከሱፐርማርኬቶች የሚሰበሰብ፣ ከፋብሪካና ከገበሬ የሚለገስ፣ መንግሥት ገዝቶ የሚሰጠው፣ ተቋሙ ራሱ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው። ሱፐርማርኬቶች ድሮ «አንድ ሰው ታሞ ቢከሰን» ብለው ይፈሩ ነበር። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ በቅን ልቦና ምግብ የለገሰን ሰው ከባድ ቸልተኝነት ካልፈጸመ በቀር ከክስ ስለሚጠብቀው ያ ፍርሃት ቀለለ። ሥጋው በማሸጊያው ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ ሱቁ ፍሪዘር ውስጥ ያስገባዋል፤ ሾፌሩ ሲመጣ በቴርሞሜትር ይለካና ይረከባል። ማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18። መኪናው በትራፊክ ተይዞ ወተቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቅዝቃዜ ውጭ ከቆየ ይደፋል። እዚህ ላይ ማዘን ቦታ የለውም። ደካማ ሰው ነው የሚበላው፤ ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር።

በጎ ፈቃደኞች የሚቆሙበት የመለያ ጠረጴዛ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። የተጨመደደ ጣሳ ሁሉ አይጣልም፤ ዋናው ጥያቄ የት ተጨመደደ ነው። ሆዱ ላይ ትንሽ ገባ ያለ ከሆነ ያልፋል። ክዳኑ ከጣሳው ጋር በተገጠመበት ጠርዝ ላይ ከሆነ ግን ይወገዳል፤ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ሊኖር ይችላል፣ በዚያ የሚገባው፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ተሕዋስ ሰው ይገድላል። ጣቱን ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚያሳልፍ ሰው ስለታም እጥፋት ከተሰማው ጣሳውን ወደ ቆሻሻው ይመልሳል። ያበጠ ጣሳ አይከፈትም፣ አይሸተትም፣ ይጣላል። የቀን ነገርም ብዙዎቻችንን ያሳስታል። «ቤስት ባይ» የሚለው ቀን የጣዕም ምልክት ነው፤ ፓስታና ሩዝ ከዚያ በኋላም ብዙ ወራት ይበላሉ። የፌዴራል ሕግ ቀኑን በግድ የሚያስጽፈው በሕፃናት ዱቄት ወተት ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ቀኑ ካለፈ ያለ ክርክር ይወገዳል።

ልብ ሊባል የሚገባው ትልቁ ጉዳይ ክፍፍሉ ነው። በአገሪቱ ወደ 200 የሚጠጉ ፉድ ባንኮችን የሚያስተባብረው ፊዲንግ አሜሪካ እስከ 2005 ድረስ ከትልልቅ ፋብሪካዎች የሚመጣውን ምግብ በተራ ያድል ነበር። ተራው የደረሰው ፉድ ባንክ ስልክ ይደወልለታል፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ «እወስዳለሁ» ወይም «አልወስድም» ይላል። ችግሩ፣ ደዋዩ የማን መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ድንች አምራች ለሆነችው ለአይዳሆ ግዛት ድንች ይቀርብላት ነበር። «አልፈልግም» ማለትም ተራን ያስበላል።

ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የኢኮኖሚ ምሁራንና የፉድ ባንክ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ሌላ ዘዴ አበጁ። ለእያንዳንዱ ፉድ ባንክ በአካባቢው የችግረኛ ብዛት ልክ «ሼር» የሚባል ነጥብ ይሰጠዋል። ምግቡ በኮምፒውተር ይለጠፋል፤ ጭነቱ ምን እንደሆነ፣ ክብደቱና ያለበት ቦታ ይጻፋል። በሥራ ቀን ሁለት ጊዜ ጨረታ ይካሄዳል፤ ሁሉም ሌላው ሳያይ ዋጋውን ያስገባል፣ የበለጠ ነጥብ የሰጠ ይወስዳል። የወጣው ነጥብ ሌሊቱን ተመልሶ ለሁሉም እንደ ችግረኛው ብዛት ይከፋፈላል። ትንንሾቹ ተጋግዘው መጫረት፣ ነጥብ መበደርም ይችላሉ። ነጥቡን በምግብ እንጂ በገንዘብ መመንዘር አይቻልም። ማንም የማይፈልገው ጭነት ዋጋው ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ማለትም የሚወስደው ሰው ነጥብ ይጨመርለታል። ውጤቱ ግልጽ ነበር፦ በየቦታው የሚገኘው አትክልት ርካሽ ሆነ፣ ለመቀመጥ የሚመቹት የቁርስ እህልና ፓስታ ተወደዱ። አይዳሆም ነጥቧን ለምትፈልገው ነገር ማጠራቀም ቻለች። አንድ ሙሉ ተሳቢ መኪና 40,000 ፓውንድ ገደማ፣ ወደ 180 ኩንታል ይጭናል፤ 180 ኩንታል ያልተፈለገ ምግብ ወደ ተሳሳተ ከተማ መላክ ምን ያህል ነዳጅና ምን ያህል ብስባሽ እንደሆነ ማስላት ይቻላል።

ይህ ለእኛ ቁም ነገር አለው። በኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ሙሉ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ሆኖ ኖሯል። ተቀባዩ የሚመርጠው ነገር የለም። ስንዴው ወፍጮ ይፈልጋል፣ ወፍጮው ብር ይፈልጋል፤ ጨውና በርበሬ በራሽኑ ውስጥ የሉም። ስለዚህ እናት ከ15 ኪሎዋ ጥቂቱን ሸጣ የቀረውን ታስፈጫለች። ገበያ ላይ የእርዳታ እህል ጆንያ ያየ ሰው ሁሉ «ተሰረቀ» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ይህን ማወቅ ይገባዋል። ዱቄት ወይም የወፍጮ ዋጋ አብሮ ቢሰጥ ያ ሽያጭ ይቀንሳል።

ስርቆትም ግን አለ፣ መሸፋፈን አያስፈልግም። እስከ 2023 ግንቦት መጀመሪያ ድረስ ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለትግራይ የሚሰጠውን የምግብ እርዳታ አቋረጡ፣ በሰኔ መቋረጡን ወደ መላ አገሪቱ አሰፉት። ምክንያቱ እህሉ በተደራጀ መልኩ እየተመዘበረ መሆኑ ነበር። ለወራት ቆይቶ በዓመቱ መጨረሻ ገደማ አሠራሩ ተለውጦ፣ ተረጂዎች እንደገና ተመዝግበው እደላው ቀጠለ። በመካከል የተራበው ያልሰረቀው ሰው ነው። የዲሲው መጋዘን ፓሌቱን ከመግቢያው እስከ ፓንትሪው በር በቁጥር ይከታተላል፤ ፓንትሪው ስንት ቤተሰብ እንዳገለገለ በየወሩ ይጽፋል፣ ሳይጠበቅ የሚጎበኘው ሰው አለ፣ ምግብ ሸጦ ወይም «መጀመሪያ ጸልይ» ብሎ ከተገኘ ከአጋርነት ይወጣል። አንድ አጋር ቢያጠፋ የሚዘጋው የእሱ በር ብቻ ነው፤ የቀሩት በሚቀጥለው ቀንም ይጭናሉ። ቁጥጥሩ በእያንዳንዱ እርከን ላይ ስላለ ጥፋተኛውን ለይቶ ማውጣት ይቻላል። በእኛ አገር ያ ስላልነበረ ቅጣቱ ለሁሉም ሆነ።

በሌላ በኩል መጋዘኑ የማያውቀው ነገር አለ፤ የሚበላውን ሰው። ጿሚ ኦርቶዶክሳዊ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበላም። ሙስሊሙ ሐላል ይፈልጋል። አስቀድሞ ታሽጎ የሚሰጥ ካርቶን ውስጥ ግን የአሳማ ሥጋ ያለበት ባቄላ፣ አይብና ማካሮኒ፣ የታሸገ ዶሮ ይኖራል። በሁዳዴ ያንን ካርቶን የተቀበለች እናት ግማሹን ለጎረቤት ትሰጣለች ወይም ትጥላለች፤ በመጋዘኑ መዝገብ ግን በ1.2 ፓውንድ አንድ ማዕድ እየተባለ «ተበላ» ተብሎ ይቆጠራል። መፍትሔው እንደ ሱቅ እየዞሩ የሚመርጡበት ፓንትሪ ነው፤ ብዙዎች ወደዚያ እየተሻገሩ ነው። ምስር፣ ሩዝ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመን፣ ዘይት፤ እነዚህ ስድስቱ መደርደሪያው ላይ ካሉ የሐበሻ ቤት ይጠግባል፣ ዋጋቸውም ከታሸገ ሥጋ ያነሰ ነው። ሰው ያልጠየቀ መጋዘን ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ኮሚቴዎቻችን ሄደው ሊነግሩት ይገባል።

ይሉኝታችን ደግሞ ሌላው መሰናክል ነው። የሰው ፊት እሳት ነው ብለን ያደግን ስለሆንን ልጆቻቸውን ለመርዳት የመጡ እናትና አባት ከነችግራቸው ቤት ይዘጋሉ። ግሪን ካርድ ይዘው የመጡ አዋቂዎች ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ካልሞላቸው ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ለምግብ መግዣ የሚሰጠውን ድጎማ፣ አያገኙም። በሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ ደግሞ ግሪን ካርድ ያልደረሳቸውን ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷል። ለእነዚህ ወገኖች የቀረው በር ፓንትሪው ነው። መንግሥት በሚሰጠው ምግብ ላይ የሚጠየቀው ስም፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ብዛትና ገቢያችሁ ከወሰኑ በታች ስለመሆኑ የራሳችሁ ቃል ነው፤ የደመወዝ ወረቀት አምጡ አይባልም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከቅዳሴ በኋላ በአማርኛ ቢያስነግሩት ስንት ማሰሮ ይጣድ ነበር!

ሆኖም ፉድ ባንክ የመንግሥትን ቦታ ይተካል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ፊዲንግ አሜሪካ ራሱ እንደሚለው ፉድ ባንኮች አንድ ማዕድ ሲያቀርቡ ፉድ ስታምፕ ዘጠኝ ያቀርባል። በ2025 መኸር መንግሥት ተዘግቶ የኅዳር ፉድ ስታምፕ ሲስተጓጎል ፓንትሪዎች ላይ የመጣው ጎርፍ በየትኛውም መጋዘን የሚገታ አልነበረም።

አገር ቤት ያለንን ደግሞ አንናቅ። ማዕድ ማጋራት በበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ያደርሳል፤ መልካም ነው፣ ግን በዓሉ ሲያልፍ ማክሰኞ ይመጣል። የዲሲው መጋዘን ብርታት ማክሰኞን ማወቁ ነው። የዲሲው መጋዘን የሌለው እድር ግን እኛ ጋ አለ፦ የአባላት መዝገብ፣ ትልልቅ ድስትና ሰፌድ፣ ድንኳን፣ ማን እንደታመመና ማን ሥራ እንዳጣ የሚያውቅ ጸሐፊ። ፉድ ባንክ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚፈልገው የመጨረሻው እርምጃ፣ ምግቡን ከተቸገረው ሰው ደጃፍ ማድረስ፣ እዚያ ተሠርቶ ተቀምጧል። አንድ ጉድለት አለበት፤ ወርሃዊ መዋጮ መክፈል ያቃተው ሰው ከእድሩ ይወጣል፣ ስለዚህ በጣም የተራበው በመዝገቡ ላይ አይገኝም። ከእድር ጋር የሚሠራ ሁሉ አስቀድሞ ከመዝገብ የተሰረዙትን ስም ሊጠይቅ ይገባል።

በላፍቶ አትክልት ተራ የሚደርሰውን ቲማቲም ተመልከቱ። በእንጨት ሳጥን ይመጣል፤ ሳጥኑ ሻካራ ነው፣ ምስማሩ ይወጋል፣ ከታች ያለው ከላይ ባለው ክብደት ይፈርጣል። ከሰዓት በኋላ ያልተሸጠው ዋጋው ይወርዳል፣ የፈረጠው ይጣላል። ይህን ለማዳን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትልቅ ማቀዝቀዣ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ አይሱዙ፣ የሚደራረብ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ሚዛን፣ ደረሰኝ፣ እና በዚያው ቀን ቲማቲሙን ስልስ አድርጎ የሚያበስል ወጥ ቤት ነው። የሻገተው ተለይቶ ይጣላል፤ የፈረጠው ግን ካልሻገተ በዚያው ዕለት ሊበስል ይችላል፣ ካደረ አይበስልም። መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ካልደረሰ ቲማቲሙን ለማዳን ይመሻል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪ ምገባ ወጥ ቤቶች አሉ፣ የምገባ ማዕከላትም አሉ፤ ነጋዴውን ከወጥ ቤቷ እናት ጋር በስልክ የሚያገናኝ ሰው ካለ መንገዱ ይከፈታል።

እዚህ ያለን ደግሞ በየዓመቱ ለበዓል ጣሳ ከምንሰበስብ ገንዘቡን ብንሰጥ ይሻላል፤ ፉድ ባንኩ በጅምላ ስለሚገዛ በአንድ ዶላር እኛ ከሱቅ ከምንገዛው በላይ ያወጣል። ጣሳው ካልቀረ ግን ለፓንትሪው አስቀድሞ ደውሎ ሁለት ነገር መጠየቅ ነው፦ ፍሪዘራችሁ ባዶ የሚሆነው በየትኛው ቀን ነው? ጾም ሲገባ መደርደሪያው ላይ የሚጎድለው ምንድን ነው?