ሜዳ የሌለው የሜዳችን ጨዋታ

በጀርመኗ ዶርትሙንድ ከተማ ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ወደ ስታዲየሙ በሚሄደው ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ብዙም አይደክምም። የጨዋታው ትኬት የባቡርም ትኬት ነውና ሁሉም ሰው ሕጋዊ ተሳፋሪ ነው። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት ወይዘሮ ቢጫና ጥቁር የአንገት ልብስ ጠምጥመው፣ የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከጎናቸው ያለው ጎረምሳ ቢራውን ሲጨርስ ጠርሙሱን አይጥለውም፤ ባዶው ሳንቲም ያወጣል። ጨዋታው ዘጠኝ ተኩል ሲባል ዘጠኝ ተኩል ይጀመራል። በአዲስ አበባ ሰዓት ማለት ነው አሥራ አንድ ተኩል፤ በእነሱ በጋ ደግሞ አሥር ተኩል። አዲስ አበባ ያሉት ወዳጆቼ በቴሌቪዥን የሚከታተሉበትን ሰዓት ሁልጊዜ በልቤ አሰላለሁ።

እዚህ ያለን አበሾች ስንገናኝ ደጋግመን የምንለው ነገር አለ፤ «ሥርዓት አላቸው፣ ሕይወት ግን የላቸውም»። በኳስ ሜዳ ግን ይህ አባባል ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. ለ1974ቱ የዓለም ዋንጫ የተሠራው የዶርትሙንድ ስታዲየም ከ81 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 25 ሺህ የሚጠጋው በደቡብ በኩል ባለው አንድ ትልቅ ተዳፋት ላይ ቆሞ ነው የሚያየው። ወንበር የለም። ይጮኻል፣ ይዘፍናል፣ ይሳደባል። ግብ ሲገባ አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ግዙፍ ሰውዬ አንስቶ አቅፎኝ መሬት ለመንካት ጊዜ ወስዶብኛል። ጀርመን ሰው አያቅፍም ያለ ማን ነው?

እዚያ ተዳፋት ላይ ስወጣ ትዝ ያለኝ ካታንጋ ነው። ለወጣት አንባቢ ልንገር፤ በአዲስ አበባ ስታዲየም ክቡር ትሪቡን ለባለሥልጣን፣ ጥላ ፎቅ ፀሐይና ዝናብ ለማይወድ ነበር። ከማን አንሼና ሚስማር ተራም የየራሳቸው ደንበኛ ነበራቸው። ካታንጋ ደግሞ ጣሪያ የሌለው፣ በርካሽ ዋጋ የሚገባበት፣ ድምፁ ግን ስታዲየሙን የሚያናውጠው ወገን ነው። ሲሚንቶው ላይ ይቀመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይቆማል።

እኔ ካየኋቸው ጨዋታዎች ሁሉ የምመርጠው በጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ከካታንጋ ያየሁትን ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። ዋልያዎቹ ለደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ከሱዳን ጋር የመልስ ጨዋታ ያደርጉ ነበር። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው መጥተዋል። ሽንፈቱ ከባድ ቢመስልም ከሜዳ ውጭ የተገኙት ሦስት ግቦች በኪሳችን ነበሩ፤ 2 ለ 0 ካሸነፍን ድምሩ እኩል ሆኖ በእነዚያ ግቦች እናልፋለን። ከተማው ሁሉ የሒሳብ ሊቅ ሆኖ ነበር የሰነበተው። ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ሁለት ለዜሮ ይበቃናል፣ አንድ ካገባብን ግን ሦስት እንፈልጋለን» ይባል ነበር። ለቅሶ ቤት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ቀደም ባለው ነሐሴ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በጥቂት ቀናት ልዩነት አርፈው አገሩ ጥቁር ለብሶ ከርሟል። ፖለቲካውን ማንም እንደፈለገው ይተርጉመው፤ ሕዝቡ ግን ተሰብስቦ የሚጮኽበት፣ የሚያለቅስ ከሆነም በደስታ የሚያለቅስበት ቀን ናፍቆት ነበር።

ሰልፉ ገና ሳይነጋ ተጀምሯል። ጋቢ ለብሰው ያደሩም ነበሩ። በሰልፉ መካከል ካርቶን ቀዳዶ ለመቀመጫ የሚሸጥ አንድ ልጅ ሲመላለስ ትዝ ይለኛል፤ ጠዋት የጠራው ዋጋ ፀሐይዋ ከፍ ስትል በእጥፍ ጨመረ፣ ምክንያቱ ሲጠየቅ «አሁን ጥላም ይሆናል» አለ። ገዛነው። ሰልፍ አስከባሪዎች ዱላቸውን ሲያወዛውዙ ሰልፉ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ዞር ሲሉ ወደ ፊት ይፈስሳል። በጊዮርጊስና በቡና ጨዋታ ቀን ተቃራኒ ወገን ሆነው የሚተራረቡት የቪቫ ጊዮርጊስ ልጆችና ቡናማዎቹ በዚያ ቀን አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰው ቆሎ ይካፈሉ ነበር። ትረባው ግን አልቀረም። «ዛሬ ብቻ ነው የማቅፍህ» ይባባላሉ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። ያን እረፍት የሚረሳ ካታንጋ የነበረ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ፀጥ አለ። ከፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ ትንሽ ራዲዮ ጆሯቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሜዳው ፊታቸው ተዘርግቶ ሳለ የሚያዩትን ጨዋታ በራዲዮ ይሰማሉ። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ ሲያገባ ስታዲየሙ ተነሳ፣ እሳቸው ግን አልተነሱም፣ ጣታቸውን ወደ ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

«አባባ፣ አላዩትም እንዴ? ገባ እኮ!» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ፣ ይሄ ዓይን ስንት ጊዜ አታሎኛል። ይበል እስቲ እሱ።»

የራዲዮው ሰውዬ «ጎል» እያለ ሲያስተጋባ ነበር ራዲዮውን ኪሳቸው ከትተው የተነሱት። ሳላዲን ሰይድ ሁለተኛውን ሲያስቆጥር ግን ማረጋገጫ አልጠበቁም። ኮፍያቸው የት እንደሄደ እስከ መጨረሻው አልታወቀም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ደቂቃዎች ጨዋታ አይባሉም፤ ምጥ ናቸው። አንዲት የሱዳን ግብ ብቻ ሁሉንም ነገር ታፈርስ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻውንና ልጆቹን ለማየት የቀረ የለም፣ ሁሉም ያየው አጠገቡ ያለውን ሰው ነው። ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያ ውድድር በኋላ፣ ከ31 ዓመት በኋላ፣ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ሕዝቡ ወደ መስቀል አደባባይ ፈሰሰ፣ ከዚያም ወደ ቦሌ። ስልክ አልሠራ አለ። መኪና ላይ የወጣውን፣ ከመኪና የወረደውን፣ ከማያውቀው ሰው ጋር እየተያያዘ የሚያለቅሰውን ዘርዝሬ አልዘልቀውም።

እዚህ ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ነገር ጣል ላድርግ። በጥር ወር ዋልያዎቹ ኔልስፕሩት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የተለያዩት፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ በዐሥር ተጫዋች አዳነ ግርማ ያስቆጠረው፣ ጥር 13 ቀን ነው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል የነበረው ቡድን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ያነሳውም ጥር 13 ቀን ነበር።

ወደ ትዝብቴ ልመለስ። ለረጅም ጊዜ የካታንጋን ቀን ከዶርትሙንድ ተዳፋት የሚለየው ፍቅሩ ነው እል ነበር። እየቆየሁ ሳየው ግን ልዩነቱ ሌላ ነው። ያቀፈኝ ሰውዬ ግብ በገባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስለ ሥራው ያወራኛል። አባቱ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፤ በሚቀጥለው የሜዳ ጨዋታም እዚያው ይቆማል። ለእሱ ጨዋታው ልማድ ነው፣ ለእኛ ግን ተአምር ነበር። ተአምር ደግሞ ስለማይደጋገም ሰው ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠዋል፤ እኔ አንድን እሑድ ይህን ያህል ዘመን የምተርከው ብዙ እሑዶች ስላልነበሩ ነው።

ያም ቢሆን ትዝታ ሁሉን ነገር ማር አይቀባብኝ። ያን ቀን አብረውን የነበሩ ሴቶች ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልጠጡም፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስደተኛ አገሩን ሲያስታውስ ዱላውን ጨዋታ፣ መገፋፋቱን ፍቅር ያደርገዋል። እኔም ከዚህ በሽታ ነፃ አይደለሁም።

እንግዲህ ያ ቀን ካለፈ ከዓመታት በኋላ የደረሰው ይህ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፍንበት የባሕር ዳር ስታዲየም በ2014 መጀመሪያ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ታገደ። የመልበሻ ክፍሉ፣ የተመልካች ወንበሩ፣ የጋዜጠኞች ክፍሉ መስፈርት አያሟላም ተባለ። አዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት ላይ ነበር። በዚያው በ2014 ኅዳር ወር ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው፤ ጌታነህ ከበደ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን። ሰኔ 2 ቀን ደግሞ ግብፅን «በሜዳችን» 2 ለ 0 አሸነፍን፤ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች፤ ሞሐመድ ሳላህ ባይሰለፍም ግብፅ ግብፅ ናትና። ከ1954ቱ ፍጻሜ ወዲህ ግብፅ ላይ እንዲህ የተደሰትንበት ቀን አላስታውስም። ሜዳው ግን ሊሎንግዌ ነበር፣ ማላዊ።

ማላዊ ለእኛ እንግዳ አገር አይደለችም። ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ የሚነሱ ወጣቶች ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ ለመግባት የሚሄዱበት የታወቀ መንገድ ነው። ብሔራዊ ቡድናችንም የሜዳ ጨዋታውን ፍለጋ በዚያው መስመር ተመላለሰ፤ ጆሃንስበርግ፣ ሊሎንግዌ፣ በኋላም ማፑቶና ዳሬሰላም። በሻንጣ ፈንታ የማሊያ ካርቶን ይዞ በሰው አገር ቤት ሲከራይ የኖረ ቡድን ሆነ። ካፍ በ1949 ዓ.ም. ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነች፣ ይድነቃቸው ተሰማን ከ1964 እስከ 1979 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት አድርጋ የሰጠች አገር!

ሊሎንግዌ ላይ ግብፅ የተሸነፈች ምሽት ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ሁለታችንም ያየነው በስልክ ነበር፤ የእሱ ምስል ከእኔ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሁለተኛውን ግብ እኔ ነገርኩት። ድሮ ከውጭ ሆኜ የምቀናው በእሱ ነበር፤ እሱ ካታንጋ፣ እኔ መስኮት ሥር። አሁን እኩል ሆንን። ክለቦቹም ቢሆኑ ሊጉ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ የጊዮርጊስና የቡናን ደርቢ አዲስ አበባ ያለ ደጋፊ በዲኤስቲቪ ይከታተለው ጀመር። እኩልነቱን አልተመኘሁትም ነበር።

መድኃኒቱ ስታዲየም መሥራት ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። አደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ ግንባታው ዓመታት ፈጅቷል፤ የድሮውም ስታዲየም ወንበር ሲተከልበት ቆይቷል። እኔን የሚከነክነኝ ስለ ጣሪያውና ስለ ሣሩ ይህን ያህል ሲነገር ስለ ትኬቱ ዋጋ ማንም ሲናገር አለመስማቴ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም 97 ሰው ካለቀባቸው በኋላ ትልልቆቹን ስታዲየሞቻቸውን በሙሉ ባለ ወንበር አደረጉ። ለሕይወት ደኅንነት ሲባል የተደረገ ነው፣ መልካምም ነበር፤ ዋጋው ግን ሽቅብ ወጣ፣ ሠራተኛው ቀስ በቀስ ወደ መጠጥ ቤት ቴሌቪዥን ተገፋ። ጀርመኖች ይህን አይተው ለሊግ ጨዋታ መቆሚያቸውን አላፈረሱም፤ ብረት መደገፊያ አጥረው፣ መግቢያና መውጫውን አስፍተው፣ ትኬቱንም ሃያ ዩሮ አካባቢ አቆዩት። ያ ግዙፍ ሰውዬ እዚያ የቆመው ክለቡ ሆን ብሎ ቦታ ስላስቀረለት እንጂ በፍቅሩ ብቻ አይደለም።

የካታንጋ ትኬት የአንድ ምሳ ዋጋ አይሞላም ነበር። ካፍ ወንበር ይጠይቃል፣ ይተከል፤ መጸዳጃ ይጠይቃል፣ እንኳን ጠየቀ። ነገር ግን ካርቶን ሻጩ ልጅና ባለ ራዲዮው ሽማግሌ አዲሱን ስታዲየም ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጠው በቴሌቪዥን የሚያዩት ከሆነ፣ ለእነሱ ዋልያዎቹ ቦሌ ቢጫወቱ ሊሎንግዌ ቢጫወቱ ምን ልዩነት አለው?