የጸሎት ቤቱን ቁልፍ መልሱልን

የእኛ አጥቢያ ሽማግሌዎች ሰሞኑን አንድ ውሳኔ አሳልፈዋል። የረቡዕ ማለዳ ጸሎት ቀርቷል። አዳራሹ ለሪቫይቫል ኮንፈረንስ ይታደሳል፤ ስክሪን ይሰቀላል፣ አዲስ ስፒከር ይገባል። መነቃቃት እንዲመጣ ጸሎቱን ዘጋነው ማለት ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ተናደድኩ።

አንዱ ሽማግሌ እሁድ መድረክ ላይ ቆመው፣ "ጌታ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህን ዝጋ ነው ያለው፤ ቤታችሁ ጸልዩ" አሉን። እንግዲያው ኮንፈረንሱንም ቤታችን ሆነን በስልካችን እንየዋ! ደግሞስ የማን እልፍኝ? ረቡዕ ረቡዕ ከጎኔ የሚንበረከኩ እናት አሉ። ከልጃቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ድምፅ አውጥተው ቢያለቅሱ ሕፃኑ ይነቃባቸዋል። እልፍኛቸው ያ ጨለማ አዳራሽ ነበር። ነጠላቸውን ተከናንበው የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሲደፉ፣ እዚያ ከእሳቸውና ከጌታ በቀር ማንም የለም።

"ዘመኑ ተቀይሯል፤ ያለ መድረክ ወጣቱ አይመጣም" የሚሉም አሉ። ወላይታን ረሳችሁት? በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ኤስአይኤም የሚባለውን የወንጌል ድርጅት ሚሲዮናውያን ከሶዶ ሲያስወጣ፣ የተጠመቁት አማኞች ስልሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። አስተማሪ የለ፣ ገንዘብ የለ። ማንበብ የሚችለው በጣት የሚቆጠር ነው። ከአማኞቹ መሪዎች አንዱን፣ ዋንዳሮን፣ አሰሩት፣ ሰው ፊት ገረፉት። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ነው። የትኛው ዘማሪ ተጋብዞ ነው? የማን ፎቶ ባነር ላይ ተለጥፎ ነው? አንዱ ገበሬ ጌታን ፈለገ፣ አገኘው፣ ለጎረቤቱ ነገረው። ጎረቤትየው ደግሞ በተራው ተንበረከከ። በቃ፣ ይኸው ነው። በደርግ ጊዜስ? ጸሎት ቤቱ ታሽጎ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ መዝሙር በሹክሹክታ እየተዘመረ አይደል እንዴ የበዛነው? ከሽማግሌዎቻችን ግማሾቹ ጌታን ያገኙት እንደዚያ ነው። ይህን ለእነሱ ማስታወስ እኔን ያሳፍረኛል።

"አሜሪካ የአዝበሪ ዩኒቨርሲቲው መነቃቃት በቲክቶክ አይደል የተዛመተው?" ያለኝም አለ። ወሬው ነዋ በቲክቶክ የተዛመተው! ነገሩ የጀመረው የካቲት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከተለመደው የዩኒቨርሲቲው አምልኮ በኋላ ጥቂት ተማሪዎች "አንሄድም" ብለው እዚያው ስለቀሩ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ሰው ከዚያ ቤት አልጠፋም። ቀኑም ረቡዕ ነበር፤ ሽማግሌዎቻችን ልብ ይበሉልኝ።

ስፒከር ኃጢአት ነው አላልኩም። የድሮው ይንጫጫል፤ እሺ፣ ይቀየር። ግን ቴክኒሻን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አይሠራም። በዚያ ሰዓት ወንበር እንጂ መብራት እንኳ አንፈልግም።

ባለፈው ረቡዕ እንደ ልማዴ ሄድኩ፤ በሩ ላይ ልቆም እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ። እኚያ እናት ባትሪያቸውን እያበሩ መጡ። እሁድ አሟቸው ስለቀሩ ማስታወቂያውን አልሰሙም።

"ማዘር፣ ጸሎቱ ቀርቷል እኮ" አላቸው ዘበኛው።

"ማን ነው ያስቀረው?"

ዘበኛው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መሬት።