ማስተካከያ፦ የሆፕዌል ምድጃ የነደደው በእንጨት ከሰል ነው

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ለተማሪዎች የተበተነ አንድ ጽሑፍ በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ገጠር ያለው የሆፕዌል ብረት ማቅለጫ በድንጋይ ከሰል ይሠራ እንደነበር፣ ማዕድኑ ሲያልቅ እንደተዘጋና ዛሬ ደብዛው እንደጠፋ ይናገራል። ሦስቱም ልክ አይደሉም።

ማርክ በርድ እ.ኤ.አ. በ1771 ያቋቋመው ይህ ምድጃ ያነደደው የእንጨት ከሰል ነው። ምናልባት ግራ ያጋባው በ1853 በድንጋይ ከሰል እንዲሠራ አጠገቡ የተገነባው ሌላ ምድጃ ይሆናል። እሱ ግን አላዋጣም።

አሠራሩን ተማሪ በደንብ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ማዕድኑ፣ ከሰሉና የኖራ ድንጋዩ ከላይ ይጨመራሉ። ውሃ የሚያዞረው መንኮራኩር ከታች አየር ያስነፋል። ኖራው ቆሻሻውን ይዞ ከቀለጠው ብረት በላይ ይንሳፈፋል። ብረቱ ከስር ይለቀቅና አሸዋ ላይ በወጣ ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል።

ጽሑፉ ይህን ከእኛ ባህላዊ ማቅለጫ ጋር አንድ ማድረጉም ስህተት ነው። በእጅ ወናፍ በሚነፋው ምድጃ ብረቱ ቀልጦ አይፈስም። የተቦዳደሰ ጓል ሆኖ ይወጣል፤ ቀጥቃጩ ደጋግሞ እያጋለ ቆሻሻውን በመዶሻ ያስለቅቀዋል። ይህ ትልቅ ሙያ ነው፤ በራሱ ስም ሊነገርለት ይገባል።

ሆፕዌል በ1883 ሥራ ያቆመው በድንጋይ ከሰልና በኮክ (የድንጋይ ከሰል አየር በሌለበት ተግሎ በሚገኝ ማገዶ) የሚሠሩ ትላልቅ ምድጃዎች በዋጋ ስላሸነፉት ነው። በ1935 የፌዴራል መንግሥት መሬቱን ለመዝናኛ ሥፍራ ገዛው። የቅርሱ ዋጋ ሲታወቅም በ1938 ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ተባለ። ምድጃው ታድሶ ዛሬም ይጎበኛል።