ሽፋኔን ተዉልኝ!

ዛሬ ልናገረው ነው። ዝም ብል ያንቀኛል።

እኔ አጭር ልብ ወለድ ጽፌ፣ ራሴ አርሜ፣ ራሴ አሳትሜ፣ ራሴ የምሸጥ ሰው ነኝ። እንጀራዬ እንኳ ሌላ ቦታ ነው፤ ይሄ የማታ ሥራዬ ነው። አንድ ታሪክ ሲያልቅ ለብቻው በፒዲኤፍ አወጣዋለሁ። ጥቂት ሲጠራቀም ደግሞ ሰብሰብ አድርጌ በወረቀት አሳትማለሁ። በዚህ ሁሉ ውስጥ መጻፉ አላማረረኝም። እርማቱም አላማረረኝም። «ከእኔም ትቀበያለሽ?» ብሎ ሳይከፍል የሚያነበው ዘመድ እንኳ አላማረረኝም። ያማረረኝ ሽፋን ነው። ሽፋን!

የምፈልገውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ። ነጭ ጀርባ። ከላይ ርዕሱ በወፍራም ፊደል። ከርዕሱ ሥር አንድ ቀጭን ቀይ መስመር። መሃል ላይ አንድ ዕቃ፤ ሲኒ፣ ቁልፍ፣ ጃንጥላ፣ ብቻ ታሪኩ ውስጥ ያለ ነገር፣ በአንድ ቀለም የተሳለ። ከታች ስሜ። በቃ። የሚቀጥለው ታሪክም እንደዚሁ ነው። የሚለወጠው ርዕሱ፣ ዕቃውና የዕቃው ቀለም ብቻ። አንዴ ይወሰንና ከዚያ ወዲያ የግማሽ ሰዓት ሥራ ይሆናል። አንባቢም ስልኩን ከፍቶ ገና ሳያነበው «የእሷ ነው» ይላል።

ቀላል አይደል? ቀላል ነገር ማሠራትን የመሰለ መከራ የለም።

ለዲዛይነሩ በጽሑፍ አስረዳሁት። አልበቃኝም፣ በእጄ ስዬ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። «ገባኝ፣ ገባኝ፣ ጣጣ የለውም» አለ። ማታ ቴሌግራም ላይ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጀምበር እየጠለቀች ነው። ከጀምበሯ ፊት ለፊት አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ጸጉሯን ነፋስ ይዞታል። ከእግሯ ሥር ጽጌረዳ፣ ጽጌረዳው ላይ የደም ጠብታ። ርዕሱ በወርቅማ ፊደል ተጽፏል፤ ፊደሉ ጥላ አለው፤ ከጥላው ጀርባ ደግሞ የሚያበራ ነገር አለ። የታሪኩ ርዕስ «የጋራ ቆጣሪ» ነው! አንድ ግቢ ውስጥ በመብራት ሒሳብ ስለሚነታረኩ ጎረቤታሞች ነው! ሴትዮዋ ማናት? ደሙስ የማን ነው? ታሪኩ ውስጥ የሚቆረጠው መብራት ብቻ ነው።

«ወንድሜ፣ ቆጣሪ ሣልልኝ ነበር እኮ ያልኩህ።»

«እህት፣ ቆጣሪ አይሸጥም።»

«መስመሩስ? ነጩስ?»

«ባዶ ሆነብኝ። ብሬን በልቶ ምንም አልሠራልኝም እንዳትዪ ብዬ ነው።»

ነገሩ ያለው እዚች ጋ ነች። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እጁም ጎበዝ ነው። ግን ደንበኞቹ ክፍያ የሚለኩት ገጹ ላይ በተከመረው ነገር ብዛት እንደሆነ ለምዷል። ነጭ ቦታ ከተወ «ምን ሠራህና?» ይባላል። ስለዚህ ይሞላል። ጥግ ካየ ቅጠል፣ ክፍተት ካገኘ ጭስ። እኔ ደግሞ የምከፍለው ለነጩ ነው! ነጩን ነው የምገዛው! ይሄን እንዴት ብዬ ላስረዳ?

እሺ፣ ዲዛይነሩን ተውትና ወዳጅ ዘመድ ጋ እንሂድ። «አሪፍ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል» የሚለውን ሰው እግዜር ይይልኝ። ምኑ ነው የጎደለው? አያውቀውም። ብቻ ይጎድለዋል። አክስቴ ደግሞ «ፎቶሽን ለምን አታወጪበትም የኔ ልጅ? ለምርቃትሽ የተነሣሽው ያምር ነበር» ትላለች። ጋዎን ለብሼ፣ ስለ ቆጣሪ!

ሁሉም አንድ መሆኑማ ሌላ ጣጣ አለው። ሁለተኛውን ታሪክ ለሰዎች ስልክ «ይሄን እኮ ባለፈው ልከሽልኛል» የሚል መልስ ጎረፈልኝ። እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው፤ አልፈርድባቸውም። ሽፋኖች ሲመሳሰሉ ሰው የትኛውን እንዳነበበ ይጠፋዋል። ለዚህ ግን መድኃኒት አለው። ቀለሙን በደንብ ማራራቅ ነው፤ ሰማያዊና ውኃ ሰማያዊ ሳይሆን ሰማያዊና ብርቱካናማ። ጥግ ላይ ደግሞ ቁጥር በትልቁ። ይሄን አድርጌ ጨረስኩ ስል «ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል? ሰው ይሰለቻል» የሚሉት መጡ። ብዙ ጊዜ ያው ሰዎቹ ናቸው።

ይሰለቻል? በፈረንጆቹ 1935 አለን ሌን የሚባል እንግሊዛዊ ፔንግዊን የሚባሉትን ርካሽ መጻሕፍት ማሳተም ሲጀምር ሽፋናቸው ምን ነበር? ሥዕል የለ፣ ፎቶ የለ። አግድም የተከፈለ ሦስት ንጣፍ፤ ላይና ታች ቀለም፣ መሃል ነጭ፣ ነጩ ላይ ርዕስና የደራሲው ስም። ብርቱካናማ ከሆነ ልብ ወለድ ነው። አረንጓዴ ከሆነ የወንጀል ታሪክ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ከሆነ የሕይወት ታሪክ። ከታች አንዲት ወፍ። ሰው ተሰለፈበት እንጂ አልሰለቸውም። በ1947 ደግሞ የተዝረከረከውን ሁሉ እንዲያስተካክል ያን ቺሾልድ የሚባል የፊደል አቀማመጥ ባለሙያ አመጡ፤ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ክፍተት ሳይቀር ደንብ ጽፎ አረፈው። ጋሊማር የሚባሉት የፈረንሳይ አሳታሚዎች ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ በክሬም ወረቀት ላይ ጥቁርና ቀይ መስመር እያሰመሩ ይኖራሉ። ማንም «ጽጌረዳ ጨምሩበት» አላላቸውም።

ፈረንጅ ጋ ምን አስኬደኝ? የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው አለ እዚህ? ጥቁር ቀለምና ቀይ ቀለም። ቀዩ ለእመቤታችን ስም፣ ለቅዱሳን ስም፣ ለምዕራፍ መነሻ። ሌላው በሙሉ ጥቁር። ሐረግ የሚባለው ጌጥ ከተሣለበትም ቦታው ይታወቃል፤ አናት ላይ ነው። ዙሪያውን ደግሞ ባዶ ኅዳግ፣ ሰፊ፣ ብራናው ያን ያህል እየተወደደ! ሽፋኑም እንጨት ላይ የተወጠረ ቆዳ ነው፤ ድጉሱ፣ ማለት ቆዳው ላይ የታተመው ጌጥ፣ መስመርና መሃል ላይ መስቀል። አንዱን ከሌላው ጎን ብታስቀምጡት ወንድማማች ነው። እኔ ታዲያ ያቺን ቀይ መስመር ከየት ያመጣኋት ይመስላችኋል? «ይሄ የፈረንጅ ስታይል ነው፣ ለሐበሻ አይሆንም» ላለኝ ሰውዬ ይድረስልኝ።

አሁን ወደ ፊደል ልምጣ፤ በጣም የምቃጠለው እዚህ ላይ ነው።

እንግሊዝኛው ትልቁና ትንሹ ፊደል አለው። ርዕሱን በትልቁ ይጽፍና ይገላገላል። እኛ ያለን መጠንና ውፍረት ብቻ ነው። የግዕዝ ፎንቶች ደግሞ ብዙዎቹ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው። ኒያላን ውሰዱ፣ አቢሲኒካን ውሰዱ፤ ለንባብ ያምራሉ፣ ወፍራም ግን የላቸውም። ዲዛይነሩ ምን ያደርጋል? «ቦልድ» የምትለዋን ይጫንና ኮምፒውተሩ በግድ ያወፍረዋል። ያኔ የ«ጭ» ሆድ ይደፈናል፣ «ጵ» ጥቁር እብጠት ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እኮ አለ! ከቀጭን እስከ ድብን ያለ ጥቁር ዘጠኝ ውፍረት አለው፣ ነጻ ነው፣ አውርዶ መጫን ነው። ልኬለት ሁሉ ነበር። «ይሄ ደረቅ ነው፣ አርት የለውም» ብሎ መለሰልኝ።

አርት ያለው ደግሞ ጥላው ነው። የዚህን ጥላ ነገር ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። የኛ ፊደል ድምፁ የሚለየው በምንድነው? አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ባለች ትንሽ ቅጥያ ነው። «ቡ» መሃል ወገቧ ላይ ናት። «ቢ» ግርጌዋ ላይ። «ቤ» ግርጌዋ ላይ ክብ። የፎቶሾፕ ጥላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ወዴት ነው? ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች። ልክ ቅጥያዋ ላይ! «የሰኞ ቡና» የሚለው ታሪኬ በዚህ ዓይነት ተሠርቶ መጣና ስልክ ላይ «የሰኞ ቢና» ሆኖ አረፈው። ጓደኛዬ «ቢና ማናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ገጸ ባሕሪ መስላታለች።

ስልክ ላይ ያልኩት በምክንያት ነው። ፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ሲላክ ሽፋኑ የሚታየው የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያየው እሱን ነው። በኮምፒውተር ስክሪን ሙሉ ከፍቶ «አየሽው ዝርዝሩን?» የሚለኝ ዲዛይነር፣ አንዴ እንኳ አሳንሶ አይቶት አያውቅም። አሳንሱት! ርዕሱ ካልተነበበ ሴትዮዋም ጀምበሯም ቡናማ ጭቃ ናቸው።

«በኤአይ አሠሪው፣ በነጻ ነው» የምትሉኝም ጠብቁኝ። ሞክሬዋለሁ። ጀበና በለው፣ አፏ ሁለት የሆነ ሻይ ማንቆርቆሪያ ያወጣል። ርዕሱን ጻፍልኝ በለው፣ ከሩቅ ፊደል የሚመስል፣ ቀርባችሁ ስታዩት የትኛውም ገበታ ላይ የሌለ ነገር ይደረድራል። ግማሽ «ጸ»፣ ግማሽ ወንበር። የሚያሳዝነው በዚህ ታትሞ የሚወጣ መኖሩ ነው። ደግሞ ዛሬ የሠራውን ነገ አይደግመውም። የኔ ጭንቀት ደግሞ መድገሙ ነው።

ማተሚያ ቤት ለብቻው ብሶት ይወጣዋል፤ በአጭሩ ልለፈው። ፎንቱ እንዳይቀየር ፊደሉን ከርቭ አድርጌ (ወደ ሥዕል ቀይሬ ማለት ነው)፣ ለመቁረጫ ዙሪያውን ሦስት ሚሊሜትር ትርፍ ትቼ፣ ቀለሙን ለኅትመት ቀይሬ ሰጠሁ። «ፋይሉን አትንኩብኝ» ብዬ ጻፍኩ። በቃልም ነገርኩ። የወጣው መጽሐፍ ቀዩ መስመር የለውም። ባዶ ጀርባ ሽፋኑ ላይ ደግሞ የማተሚያ ቤቱ አርማና ስልክ ቁጥር በትልቁ ተንጣሏል። ስጠይቅ ሰውዬው ፈገግ ብሎ ምን አለኝ? «መስመሯ ስሕተት መስላን አጠፋንልሽ፣ እናቴ። ኋላውም ባዶ ስለነበር አሳመርንልሽ።» ለማሳመሩ አላስከፈለኝም። ይመስገን።

ከእንግዲህ ርዕሱንም ዕቃውንም ራሴ እሠራዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ። አሣሣሌ እንደ ነገሩ ነው፤ ቢሆንም ቆጣሪዬ ቆጣሪ ይመስላል። የቀረኝ የተሰጠውን ፋይል እንዳለ የሚያትም ማተሚያ ቤት ነው። የማይጨምር፣ የማይቀንስ፣ የማያሳምር። የምታውቁ ካላችሁ ውስጥ መስመር አድርሱኝ፣ ጥቂት ብር ቢወደድም ግድ የለኝም። አስተያየት መስጫው ላይ «ትንሽ ጽጌረዳ ነገር ብትጨምሪበት» የሚል ሰው ግን ብሎክ ነው። አክስቴም ብትሆን።