ወገኖቼ፣ ለፋሲካ ጥንቸል አትግዙ

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በፎልስ ቸርች የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች የምታሳድጉ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ የምናገራችሁ ስለ ጥንቸል ነው። ጉዳዩ ትንሽ ከመሰላችሁ እባካችሁ ታግሣችሁ ስሙኝ። ለእኔም ትንሽ መስሎኝ ነበር፤ በዚያ የተነሣ አንዲት ነፍስ እቤቴ ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ ጠፍታለች።

ዘንድሮ የፈረንጆቹ ፋሲካ መጋቢት 27 ነው፤ የእኛ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 4። በዚህ ሰሞን መደብሩ ሁሉ በጥንቸል ምስል ይሸፈናል። ቸኮላቱ ጥንቸል፣ አሻንጉሊቱ ጥንቸል፣ የልጆች ካልሲ ሳይቀር ጥንቸል ነው። ከነዚህ መካከል ነፍስ ያላት አለች፤ እሷም እንደ ሌላው ዕቃ ዋጋ ተለጥፎባት ገዢ ትጠብቃለች።

ባለፈው ዓመት፣ በ2017፣ ሁለቱ ፋሲካዎች ሚያዝያ 12 ላይ አንድ ቀን ውለው ነበር። በቀዳም ስዑር ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን፣ የሰባት ዓመት ልጄ ቄጤማዋን በራሷ ላይ እንዳሰረች፣ ለዶሮው የጎደለ ሽንኩርት ልንገዛ ጎራ አልን። ከግሮሰሪው አጠገብ የቤት እንስሳት መሸጫ አለ። ልጄ እጄን ለቃ ሮጠች። ስደርስባት ነጭ፣ የጆሮዋ ጫፍ ግራጫ የሆነ፣ ከመዳፌ የማትበልጥ ጥንቸል ፊት ተንበርክካለች። ቄጤማውን ከራሷ ፈትታ በሽቦው ቀዳዳ አቀበለቻት፤ ጥንቸሏም በላች። ልጄ ወደ እኔ ዞር ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ፣ ነገ በዓል ሆኖ፣ ልጄ እንዲህ ስታየኝ አንጀቴ አልቻለም። ከሽቦ ቤቷ፣ ከውኃ መጠጫዋና ከአንድ ከረጢት መኖ ጋር ከፍዬ ወጣሁ። ከገባሁ ሩብ ሰዓት አልሞላኝም። ሻጩ አንድ ነገር አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይህንኑ ነው።

ጥጥዬ አልናት። ሦስት ሳምንት ያህል ቤቱ የእሷ ነበር። ከዚያ ልጄ ልታቅፋት ስታነሣት ተንፈራግጣ ክንዷን ቧጨረቻት፤ ልጄም ፈራቻት። የኢንተርኔቱን ገመድ በጠሰች። ምንጣፉ ሸተተ። ቤቷ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተዛወረ። እዚያ ያበላናት የቀረበልንን ነው፤ ካሮት፣ የዳቦ ቅርፊት፣ የተረፈ እንጀራ። ነሐሴ ላይ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ለሌሊት ሥራ ስወጣ ባለቤቴ «ይቺ ጥንቸል ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም» አለችኝ። «ሲርባት ትበላለች» ብዬ ቁልፌን አንሥቼ ወጣሁ። ዓርብ ጠዋት ስመለስ ደርቃ አገኘኋት።

ልጄ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው። «አባዬ፣ ካመማት ለምን አልጮኸችም?»

መልሱን የነገረኝ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የደወልኩት ከሞተች በኋላ ነበር። ጥንቸል ሲያማት አብዛኛውን ጊዜ አትጮኽም። በተፈጥሮዋ የሚበላት ብዙ ስለሆነ ሕመሟን ትደብቃለች፤ አውሬ የሚመርጠው የደከመችውን ነውና። እኛ ቁጭ ብላ አርፋለች ስንል እሷ እየሞተች ሊሆን ይችላል። አንጀቷ ደግሞ ቀንና ሌሊት መንቀሳቀስ አለበት፤ ለግማሽ ቀን ካልበላችና ኩስ ካልጣለች አንጀቷ ቆሟል ማለት ነው፣ ያኔ ሰዓታት ናቸው የሚቀሯት። አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰው ድርቆሽ ነው። ከምትበላው አምስት እጅ አራቱ ድርቆሽ መሆን ነበረበት፤ እኔ ግን በአራት ወር ውስጥ አንዲት እፍኝ አልገዛሁላትም። ዳቦና እንጀራ አንጀቷ ውስጥ ይቦካል። ካሮት በሥዕል ላይ እንደምናየው ቀለቧ አይደለም፤ ስኳር ስላለበት በትንሹ፣ አልፎ አልፎ የሚሰጣት ነው። ጥርሷም ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፣ የሚሞርደውም ድርቆሽ ማኘኳ ነው፤ ያ ከሌለ ጥርሱ ረዝሞ አፏን ይወጋታል። ልጄን የቧጨረቻትም ክፉ ሆና አይደለም። ጥንቸል ከመሬት ከፍ ስትደረግ ጭልፊት የነጠቃት ይመስላታል። የኋላ እግሯ ጉልበት ከአጥንቷ ይበረታል፤ ስትንፈራገጥ የራሷን አከርካሪ እስከ መስበር ትደርሳለች። ልጅ ታቅፋት ዘንድ የምንገዛት እንስሳ፣ መታቀፍን አጥብቃ የምትጠላዋ ናት።

እኛ እንስሳ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም እኮ! ከመካከላችን እረኛ ሆኖ ያደገ ስንት አለ። አመሻሽ ላይ ከብት ሲቆጠር አንዲት ጥጃ ከጎደለች ቤቱ ውስጥ እራት አይቀርብም ነበር። አባቴ ላሚቱ ስታምጥ በረት ውስጥ ሲያድር አይቻለሁ። ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በግን የሚመርዘውን ቅጠል ከሚበላው ለይቶ ያውቃል። ለእንስሳ ከማዘን በፊት ማወቅ ነበረብን፤ ስናውቅ ኀዘኑ ራሱ ይከተላል። ታዲያ እዚህ ስንደርስ ይህ ሁሉ የት ገባ? ምን ነክቶን ነው ነፍስ ያላትን ፍጥረት ከቸኮላት ጋር በአንድ ከረጢት የምንሸምተው?

አንዱ ምክንያት ይመስለኛል፣ ጥንቸልን ጨርሶ አናውቃትም። አገር ቤት ጥንቸል ማለት ከእግራችን ሥር ብር ብላ ወደ ቁጥቋጦ የምትገባ የሜዳ አውሬ ናት። ኦሪት ከማይበሉት ጋር ስለ ቆጠራት በአብዛኞቻችን ቤት ለሥጋም ለርባታም አልገባችም። እዚህ የምትሸጠዋ ደግሞ ያቺ የሜዳዋ እንኳ አይደለችም። ዘሯ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር የተነሣ፣ ጉድጓድ ቆፍራ ከወገኖቿ ጋር የምትኖር ሌላ ፍጥረት ናት። ለብቻዋ በሽቦ ቤት ስትዘጋ ትተክዛለች። ይህን ስለማናውቅ እንደ ዶሮ እህል በትነንላት የምንሄድ ይመስለናል። አይሆንም።

የፋሲካ ጥንቸልም የእኛ ልማድ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፔንስልቬንያ የተሰደዱ ጀርመኖች ናቸው፣ ለልጆች እንቁላል የምታመጣ ጥንቸል የሚለውን ወግ ይዘው የመጡት። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ያዩትን ቢመኙ አልፈርድባቸውም፤ የሚኖሩበት አገር ነው። ግን የልማዱ ባለቤቶች ራሳቸው በዚህ ነገር ምን ያህል እንደተጸጸቱ እንይ። ኦሃዮ ውስጥ ጥንቸል ወዳዶች «የእኔ ከቸኮላት ይሁን» የሚል ዘመቻ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ በሕይወት ያለችውን ትታችሁ የቸኮላቷን ስጡ ነው የሚሉት። ካሊፎርኒያ በፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ ላይ መደብሮች ከመጠለያ ካልመጡ በቀር ውሻ፣ ድመትና ጥንቸል እንዳይሸጡ ከለከለች። ኒው ዮርክም በ2024 ማብቂያ የሦስቱንም ሽያጭ በመደብሮች አገደች። ይህ ሕግ ያለ ምክንያት አልወጣም። በዚህ አገር መጠለያዎች ከውሻና ከድመት ቀጥላ በብዛት የምትመጣባቸው ጥንቸል ናት።

አሁን ደግሞ ስለ ኑሯችን በግልጽ እንነጋገር። አብዛኞቻችን ሁለት ሥራ እንሠራለን። ባል ከሌሊት ሲመጣ ሚስት ወደ ቀን ሥራ ትወጣለች፤ ልጆቻችንን እንኳ የምናያቸው በፈረቃ ነው። ጥንቸል በየቀኑ ከቤቷ ወጥታ ለሰዓታት የምትሮጥበት ቦታ ትፈልጋለች፣ ሰውም አብሯት ወለል ላይ መቀመጥ አለበት። ክረምት ላይ ለስድስት ሳምንት አገር ቤት ስንሄድ ማን ያበላታል? የኪራይ ውላችሁስ እንስሳ ይፈቅዳል? ያነበባችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? በመጨረሻ ሥራው የሚወድቀው የልጅ ልጆቿን ልታይ ከአገር ቤት በመጣች እናት ላይ ነው። ወገቧን ይዛ የጥንቸል ሽንት ስትጠርግ ያየኋት እናት አለች፤ አፏን አውጥታ አታማርርም፣ ግን ልጇ ማፈር ነበረበት።

ወጪውም አለ። ጥንቸሏ በሃምሳ ዶላር ልትገኝ ትችላለች። ማምከኑ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ነው፣ ያውም የግድ ነው፤ ያልመከነች እንስት ዕድሜዋ ሲገፋ የማህፀን ካንሰር በብዛት ያጠቃታል። ውሻና ድመት የሚያክም ሐኪም ሁሉ ጥንቸል አይቀበልም፤ የሚቀበላትን ሐኪም ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ብቻዋን እንዳትሆን ብላችሁ ሁለት ከገዛችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። በልጅነታቸው ጾታቸው በቀላሉ አይለይም። ሁለቱም እንስት ናቸው የተባሉት በአራት በአምስት ወራቸው ለመውለድ ይደርሳሉ፤ እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ነው፣ በወለደች ዕለትም መልሳ ልታረግዝ ትችላለች።

ከሁሉ በላይ ግን ዕድሜዋን አስቡ። በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። ዛሬ የሰባት ዓመት ልጃችሁ የምታለቅስላት ጥንቸል፣ ልጃችሁ ኮሌጅ ስትገባ እናንተ ጋር ልትቀር ትችላለች። ለልጅ የተሰጠች ጥንቸል የምትባል የለችም። የምትሰጠው ለወላጅ ነው። ልጁ ይረዳል፣ ይማራል፣ ይወዳል፤ አደራው ግን የአዋቂው ነው። ይህን አደራ ለመቀበል በግሮሰሪ መንገድ ላይ የሩብ ሰዓት ውሳኔ አይበቃም።

ሰልችቷችሁ ከሆነም፣ ሮክ ክሪክ ጫካ ወስዳችሁ «ነጻ አወጣናት» አትበሉ። በየግቢው ሣር ላይ የምታዩዋት ቡናማ ጥንቸል ሌላ ዘር ናት፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ አካባቢውን ታውቀዋለች። የእናንተ ነጯ ግን በማታ ከሩቅ ታበራለች። ቀበሮውና ጭልፊቱ ብዙ አይታገሷትም። የቤት እንስሳ ጥሎ መሄድ በሜሪላንድም በቨርጂንያም በሕግ ያስቀጣል። ወደ አውራጃችሁ መጠለያ ደውሉ፣ እውነቱን ንገሯቸው፣ ውሰዷት። እዚያ ማፈር አይገባም።

ልጁ የምር ከፈለገ ደግሞ መንገድ አለ። ፋሲካው ይለፍ። ልጃችሁን ይዛችሁ መጠለያ ሂዱ፣ ጥንቸሎቹን አብራችሁ ጎብኙ፣ ከተቻለ ቤታቸውን ለማጽዳት እጃችሁን ስጡ። ሦስት ወር ቆይቶም ከጠየቃችሁ፣ ያኔ የመከነች፣ ያደገች፣ ጠባይዋ የታወቀ አንዲት ወይም አብረው የኖሩ ሁለት ከዚያው ውሰዱ። ለዚህ በዓል ግን ዶሮው፣ ድፎ ዳቦውና የቸኮላቱ ጥንቸል ይበቃል።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ሰዎች፣ ይህን ስትጨርሱ ተነሡና ቤቷን እዩ። ድርቆሽ ከሌለ ዛሬውኑ ግዙ፤ ቲሞቲ የሚባለውን። ሰገነት ላይ ከሆነች ሐምሌ ሳይደርስ ወደ ውስጥ አስገቧት፤ ሙቀቱ 80 ፋራናይት ካለፈ ልትሞት ትችላለች። ጥንቸል የሚያይ ሐኪም ስልክ አሁኑኑ፣ ሳትታመም፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ። አንድ ቀን ደግሞ ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ «አልበላችም» ካላችሁ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ሥራም የሚያስቀር ቢሆን፣ ቁልፋችሁን አንሡና እሷን ይዛችሁ ውጡ። እኔ ያን ሐሙስ ብቻዬን ነበር የወጣሁት።